የሐመሩ ሐ ጠርሙስ

ወንድሜ በሬን ሲያንኳኳ «ማነው?» አልልም። «ዓይንህን አሳየኝ!» ነው የምለው። እከፍትና አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ አምፖሉ ቀና አደርገዋለሁ፤ የዓይኑን ብሌን አያለሁ። ጠብቦ ካገኘሁት ያልፋል። ሰፍቶ ካገኘሁት ግን... እንግዲህ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ሰፍቶ አላገኘሁትም፤ እኔ ግን ማየቴን አልተውኩም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የእነሱ ወንድም የክረምት ካፖርታቸውን አውጥቶ አልሸጠባቸውም።

በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። «እታለም» እያለ ነው ያደገው፤ አሁን ጸጉሩ ሸብቶም እታለም ይለኛል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሹፌሮች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው የሚውጧት አንዲት የምታነቃ፣ የዓይን ብሌንንም የምታሰፋ ክኒን አለች፤ እሱም በከረሜላ ቆርቆሮ ይዟት ይዞር ነበር። መጀመሪያ ለመንገድ ብቻ ነበር፤ ኋላ መንገድ በሌለበትም ቀን ሆነ። አንድ ቀን ሬዲዮናችን ጠፋ። «ጥገና ሰጥቼው ነው» አለኝ፤ አመንኩት፣ እንዲያውም ስቄ አለፍኩ። ቀጥሎ ካውያው ጠፋ፤ ተቆጣሁ። ቀጥሎ ካፖርቴ፤ ሰፈሩን በጩኸት አናወጥኩት። በመጨረሻ ማንኪያ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ እንኳ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። አሁንም ከልማዱ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ወለሉን መመላለስ ነው ሥራዬ።

በገዛ እግሩ ሐኪም ቤት ሄዶ ተወው። እውነቱን መናገር ነው፣ ማንም አልጎተተውም። ሲወጣ ታዲያ አንድ ቃል ነገርኩት፦ «አንድ ጊዜ፣ አንዲት ፍሬ ብትውጥ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህት የለህም።» እሺ አለ። ቤቴ አስገባሁት፤ ቁልፍ ግን አልሰጠሁትም። በሩን የምከፍትለትም የምዘጋበትም እኔ ነኝ። ኋላም መሥሪያ ቤቴ እቃ አጣቢ ሲፈልጉ ዋስ ሆኜ አስቀጠርኩት።

የእኔ ሥራ አይጥ ነው። ሰው «ሥራሽ ምንድነው?» ሲለኝ «አይጥ አሳድራለሁ» እላለሁ፤ «ድመት ብትገዢ አይሻልሽም?» ይሉኛል። እነዚህ ግን የቤት አይጦች አይደሉም፤ ነጫጭ፣ ዓይናቸው ቀይ፣ ንጹሕ ፍጥረቶች ናቸው። ሰጋቱራቸውን እቀይራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ጭራቸው ላይ በቀለም ምልክት አደርጋለሁ፣ መርፌም እወጋለሁ። ምግባቸው ደረቅ ፍሬ ነው፤ በቆርቆሮ አድርጌ ሳንሿሿው ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ሽቦው ይለጥፋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን ነክሰውኝ አያውቁም። ሰው ነክሶኛል።

በዚያ ሰሞን ሥራውን ይዛ የመጣችው ዶክተሯ ናት። ልጅ ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ችኩል ናት፣ ሰው ግን ታከብራለች፤ «እትዬ፣ እርስዎ» ብላ ነው የምታናግረኝ። አሥራ ሁለት አይጦች ለየችልኝ። ስድስቱን የሚያነቃ መድኃኒት እወጋለሁ፣ ስድስቱን ባዶ የጨው ውሃ። መድኃኒቱ የዚያችው የወንድሜ ክኒን ዘመድ ነው። ከወጋኋቸው በኋላ በኮምጣጤ የተወለወሉ ስድስት የመሮጫ ሣጥኖች ውስጥ እከታቸዋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ዓይን የማያየው የብርሃን ክር አለ፤ አይጧ በቆረጠችው ቁጥር መሣሪያው አንድ ብሎ ይቆጥራል። ቀን እየዘለልን ሁለት ሳምንት ሠራን።

በመጀመሪያው ቀን መድኃኒት የወሰዱት በሰዓት አራት መቶ ጊዜ ያህል ተመላለሱ። በሰባተኛው መርፌ ከሺህ አለፉ። መርፌው ያው፣ ጠብታው ያው!

«መጠኑን ጨምረሽ ነው አይደል?» አልኳት።

«አልጨመርኩም እትዬ። ሰው ‹መድኃኒት ተለመደ› ሲል ደከመ ማለቱ ነው። ይሄ ግን አንዳንዱን ነገር ያደክማል፣ አንዳንዱን ደግሞ እንደ ቢላ ይስለዋል። በተወጉ ቁጥር ያችው ጠብታ የበለጠ ታስሮጣቸዋለች። ወር ብናሳርፋቸው እንኳ ሰውነታቸው አይረሳውም።»

አይረሳውም የምትለዋ ቃል ሆዴ ገብታ ቀረች። ማታ የወንድሜን ብሌን ሁለት ጊዜ አየሁ። «ምነው ዛሬ ደገምሽኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ስለ ጠርሙሶቹ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ቡናማ፣ ሦስቱም እኩል። ዶክተሯ በፊደል ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ አለቻቸው። ሀሌታው ሀ መድኃኒቱ ነው። ለ የጨው ውሃ ነው። ሐመሩ ሐም የጨው ውሃ ነው፤ እሱን ግን አይጦቹ አሥር ቀን ካረፉ በኋላ ለምትሠራው ለአንድ ቀን ሥራ አስቀመጠችው። ለንም ሐንም ከአንድ ከረጢት የሞላኋቸው በዚህች እጄ ነው።

«ሀ እና ሐ በአፍ አንድ ናቸው፤ አንድ ቀን ያጣሉናል» ብያት ነበር።

«በጽሑፍ ይለያሉ እኮ እትዬ» አለችና ሄደች። ምልክቱን የጻፈው ወንድሜ ነው። የእጅ ጽሑፉ የጉድ ነው፤ እንደ እሱ ፊደል የሚያሳምር ሰው አላየሁም። ጠርሙሶቹ የሚቆለፍበት ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋዋን ኪስ ውስጥ። ጋዋኔ ደግሞ ምሳ ስበላ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የሚውለው ማነው? ወንድሜ።

በእረፍቱ ሳምንት ላይ ነው ጥርጣሬው የጀመረኝ። መጀመሪያ ላቡን አየሁ። አይጦቹን ላበላ የምግቡን ቆርቆሮ ሳንሿሿ እሱ በኮሪደሩ እያለፈ ነበር። ቆመ። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ። ከዚያ ምንም ሳይል ማጠቢያ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ቧንቧውን ከፈተ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሁልጊዜ እኔ አይጦቹን ማብላት ስጀምር፣ እጄ ሲታሰር ማለት ነው፣ እሱ ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይንሿሿል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ከውሃው በቀር የሚሰማ የለም። ውሃ ደግሞ ሌላ ድምፅ መሸፈኛ ነው።

በዚያው ሰሞን ዶክተሯ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። «ምግቡን በዚህ ያድርጉልኝ፤ ቆርቆሮ ይዝጋል» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልዛገ ቆርቆሮ ዛሬ ሊዝግ! እሺ ብዬ ተቀበልኳትና ስኳር አደረግኩበት። ቆርቆሮዬን ማን ነክቶኝ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ የሐመሩን ጠርሙስ ሞልቼ ውጭውን እያጠብኩ ሳለ ቦርሳዋን አንግታ በሩጫ አለፈች። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት ከሀ ትንሽ ወስጄ ላስመረምር ነው። ቀንሶ ቢያዩት እንዳይደነግጡ!» አለችኝ ከኮሪደሩ ጫፍ። በእጄ ያለውን ጠርሙስ አየሁና ሳቄ መጣ። የጨው ውሃ ቢቀንስ ማን ይደነግጣል? ይቺ ልጅ መማር በዛባት ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ረቡዕ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ሳይ ሀሌታው ሀ ቀንሷል። መድኃኒቱ! ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዷል። አገላብጬ አየሁት፤ ብርሃን ላይ አድርጌ አየሁት፤ ቀንሷል። የሐመሩ ጠርሙስ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ አዲስ ነው፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ጽሑፉ የማን ነው? የወንድሜ። አበስኩ ገበርኩ! ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ቤት ሲመጣ ዓይኑን አየሁ፤ ብሌኑ ጠባብ ነው። ያ እንኳ አላረጋጋኝም። ዛሬ አልዋጠም ማለት ነው እንጂ አልሰረቀም ማለት አይደለም ብዬ አደርኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። አዲስ ቁልፍ። የቤቴን በር ቁልፍ አስቀርጬለት ነበር። ቅዳሜ ዓመት ከስምንት ወር ይሞላዋል፤ ያን ቀን «እንካ፣ ከእንግዲህ አታንኳኳ» ልለው አስቤ ነበር። ሌሊቱን ቁልፉ በቦርሳው ቆዳ ላይ የሚወጋኝ እየመሰለኝ ተገላበጥኩ።

ሐሙስ የሥራው ቀን ደረሰ። ዶክተሯ ሌላው ሕንጻ ስብሰባ አላት። ትእዛዙን በወረቀት ትታልኛለች፦ «ለሁሉም ከሐመሩ ሐ። መጀመሪያ መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩትን ስድስቱን፣ ቀጥሎ የጨው ውሃ ሲወስዱ የነበሩትን። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት።» የሮጠ አይኖርም፣ የጨው ውሃ ነው፣ ሥራው ቀላል ነው ብዬ አራት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሣጥኖቹን በኮምጣጤ ወለወልኩ፣ ቀዩን መብራት አበራሁ፣ ስድስቱን ወጋሁ፣ ከተትኳቸው። ቆርቆሮዬን እያንሿሿሁ ለቀሩት አይጦች ምግብ ሰጠሁና ተመልሼ ስድስቱን አየሁ።

ሮጡ። ኧረ እንዴት ያለ ሩጫ ነው! ሣጥኑን ዞረው ዞረው፣ ጥግ ለጥግ፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት መቶ አለፈ። በጨው ውሃ! እኔ በሞላሁት የጨው ውሃ!

ቆሌዬ ተገፈፈ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተገጣጠመልኝ። ከሀሌታው የጠፋው መድኃኒት የት ገባ? ሐመሩ ውስጥ! የጨው ውሃ ጠርሙስ ማን ይመረምራል? እዚያ ደብቆት፣ ቀስ እያለ ሊወስደው። ወረቀቱ ለምን ተቀየረ? ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲገለባብጥ ረጥቦበት። ላቡስ? ሐኪም ቤቱስ? ውሸት፣ ሁሉም ውሸት። ሌሎቹን ስድስት አይጦች አልነካኋቸውም። ጓንቴን አውልቄ ወረወርኩና ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ሄድኩ።

በሩ ተዘግቷል፤ ውሃው ይንሿሿል። ገፋሁት። ወንድሜ ሁለት እጁን ገንዳው ላይ ተክሎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምንድነው ይሄ ላብ?»

«ሙቅ ውሃው ነው እታለም።»

«ሙቅ ውሃ! ማሞቂያው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተበላሽቷል እኮ!»

ፊቱን ወደ ገንዳው መለሰ። ደሜ ፈላ። ዘበኛው ጀሪካኑን ሊሞላ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፤ ይይ!

«ዓይንህን አሳየኝ።»

«እዚህ አይሆንም እታለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤት እንደፈለግሽ አድርጊኝ። እዚህ ሰው ነኝ።»

አገጩን ያዝኩ። ወደ መስኮቱ ላዞረው ስል አንገቱን አደነደነብኝ፤ ሁለት እጄን ጨምሬ ጎተትኩት። የሁለቱም ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል። አንድ ዓመት ከሰባት ወር የፈራሁትን አገኘሁት።

«ወረቀቱን ማን ቀይር አለህ? የሐመሩን ወረቀት!»

«ረጥቦ ፊደሉ ፈስሶ ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ስለዚህ...»

«ላቡስ?»

«እታለም፣ ልንገርሽ፤ ግን ለብቻችን...»

«ለብቻችን ስትነግረኝ ሬዲዮው ጥገና ነበር!» አልኩት። ዘበኛውን የወንድሜን ቦርሳ ክፈት አልኩት። ዘበኛው አልወደደውም፤ ወዲያና ወዲህ አለና ከፈተው። የምሳ ዕቃ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ሦስት የሙጫ ወረቀት፤ ሦስቱም ላይ ሐ፣ ሐ፣ ሐ ተጽፎባቸዋል።

«ይኸው!» አልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሐመሩ ሐ ነው፤ ምን ሌብነት አለበት?» አለ ዘበኛው።

አልሰማሁትም። ቦርሳዬን አንሥቼ አዲሱን ቁልፍ አወጣሁና ዓይኑ ፊት ያዝኩለት። «ይሄን አየኸው? የቤቴ ነው። ለቅዳሜ አስቀርጬልህ ነበር። ደህና አድርገህ እየው፣ ዳግመኛ አታየውም። ውጣ።»

አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ጋዋኑን አወለቀ፣ በሥርዓት አጠፈ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ቧንቧውን ዘግቶ ነው የወጣው፤ ያ ነገር እስከ አሁን ይቆጨኛል። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ዶክተሯ ሰባት ሰዓት ላይ እያለከለከች መጣች። ነገሩን ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ የመሣሪያውን ወረቀት አነሣች። ፊቷ በራ። በራ ስላችሁ፣ እጇን አጨበጨበች!

«እንዴት ደስ ይላል! ከሐመሩ ነው የወጓቸው አይደል?»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? መድኃኒትሽን ወንድሜ ሰርቆ ሐመሩ ውስጥ ደብቆታል እያልኩሽ ነው!»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ማን ነው ያለው?»

«አይጦቹ ናቸዋ ያሉት! በጨው ውሃ ማን ይሮጣል?»

«እነሱ ናቸው የሚሮጡት» አለች። «ልፈትሽ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው። ሰባት ጊዜ እዚህ ሣጥን ውስጥ፣ በዚሁ ኮምጣጤ ሽታ፣ በዚሁ ቀይ መብራት መድኃኒት ወስደዋል። ዛሬ መድኃኒቱ ባይኖርም ክፍሉ አለ፣ መርፌው አለ። ሰውነታቸው ለክፍሉ ነው የሮጠው። አስቀድሜ ያልነገርኩዎት ሰው የጠበቀውን ስለሚያይ ነው፤ ሳይጠብቁ እንዲያዩልኝ ብዬ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ሌሎቹ ስድስቱስ? ከዚያው ጠርሙስ ወጓቸው?»

«አልወጋሁም።»

አልተቆጣችም። ጓንት አድርጋ ራሷ ከዚያው ከሐመሩ ጠርሙስ ቀዳች፣ ስድስቱን አንድ በአንድ ወጋች፣ ሣጥኖቹ ውስጥ ከተተቻቸው። ሁለታችንም ቆመን አየን። ትንሽ አሸተቱ፣ ጺማቸውን አጸዱ፣ ከዚያ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ተኙ። አንዷማ አዛጋች። መሣሪያው ጠቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ጠቅ ይላል። ሐመሩ ውስጥ መድኃኒት ቢኖር እነዚህም በሮጡ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይጥ ያሳደርኩ ሰው ስድስቱን ብቻ አይቼ ፈረድኩ።

«ሀሌታውስ? ሁለት ጣት ጎድሏል!» አልኩ። ገና እልኬ አልወጣልኝም።

«ነግሬዎት አልነበረም? ሰኞ ዕለት፣ ከሀ ልወስድ ነው ብዬ።»

«ከየትኛው ሀ?»

«ከሀሌታው ነዋ!»

«ሀሌታው አላልሽም!» ብዬ ጮህኩ። እሷም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሐመሩን ወረቀት ያረጠብኩትም እኔው ራሴ ነኝ፣ ውጭውን ሳጥብ፤ አይታ ለወንድሜ አውጥታ ያስቀየረችውም እሷ ናት። ሁሉም ነገር ወደ እኔው ተመለሰ።

«ላቡስ?» አልኩ፣ አሁን ግን ድምፄ ወርዷል።

ዶክተሯ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። «አይንገሩብኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ከአሥር ቀን በፊት መጥቶ የምግቡ ቆርቆሮ ሲንሿሿ ያልበኛል አለኝ። ድሮ ክኒኑን የሚይዘው በቆርቆሮ ነበር ይላል። ድምፁን ሲሰማ አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይመታል። ውሃ ከፍቶ ድምፁን ይሸፍንና እስኪያልፍለት ይቆማል። ለእርስዎ ቢነግርዎት ‹አሁንም አምሮታል› ብለው እንዳይሰጉ ፈርቶ ነው። የፕላስቲኩን ዕቃ የሰጠሁዎት ለዚያ ነው።»

ዕቃው መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ስኳሬን እንደያዘ።

ፊቴን ልታጠብ ማጠቢያ ክፍሉ ገባሁ። ጋዋኑ እንደታጠፈ ነው። ከገንዳው በላይ ትንሽ መስታወት አለች። ቀና ብዬ አየሁ፤ የእኔ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ሆኗል። ከሁለቱ አምፖሎች አንዱ ከተቃጠለ ሳምንቱ ነው፤ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ድንጋጤ፣ የማን ዓይን ነው የማይሰፋው? አፍሬ መስታወቱን በእጄ ሸፈንኩት። ሬዲዮው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ማንም አልዋሸኝም፣ ማንም አልሰረቀኝም፤ እኔ ግን ሮጥኩ። ከእነዚያ ስድስቱ በምን ተሻልኩ?

ከዚያ ግን የባሰው መጣብኝ። ያን ልጅ አምስት ሰዓት ላይ ሰው ፊት አዋርጄ፣ ቤት የለህም ብዬ፣ መንገድ ላይ ለቅቄዋለሁ። የከባድ መኪናዎቹ መቆሚያ ከመሥሪያ ቤታችን አሥር ደቂቃ ነው። የድሮ ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፤ ክኒኗም እዚያ ናት። ዛሬ ከዋጠ በእኔ እጅ ነው የዋጠው። ዶክተሯን ደህና ዋይ ሳልላት ወጣሁ። መቆሚያው ሄድኩ፤ የመኪና ታች ሳይቀር ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዱን ሹፌር ጠየቅኩት፤ «እሱ? ከተወን ስንት ጊዜው!» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ይሄኛው ሊደብቀው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። አይ የእኔ ነገር! ገበያውን ዞርኩ፣ የአውቶቡስ ፌርማታዎቹን ዞርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እግሬ እንቢ አለኝና ወደ ቤት ዞርኩ።

ደረጃው ላይ ተቀምጧል። በሬ ሥር፣ ጉልበቱን አቅፎ። ሲያየኝ ተነሣ።

«ልብሴን ልወስድ ነው» አለ።

የት ነበርክ የምትለዋ ጉሮሮዬ ላይ መጣች፤ ከነምራቄ ዋጥኳት። «በድዬሃለሁ» አልኩት። «ዶክተሯ ነገረችኝ፤ ቆርቆሮውንም፣ ሁሉንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነገ ዘበኛው ባለበት እደግመዋለሁ።» እንባዬ መጣ፤ በጋቢው ጫፍ እንኳ እንዳልጠርግ ጋቢ አልለበስኩም፣ በእጅጌዬ ጠረግኩ። እሱ ጫማውን ያያል። አዲሱን ቁልፍ አውጥቼ እጁ ላይ አደረግኩ። «ቅዳሜ ድረስ አልጠብቅም። አንተ ክፈተው።»

ቁልፉን ትንሽ አገላበጠው። ከዚያ ከፈተ። አዲስ ቁልፍ ስለሆነ ያዝ አደረገው፤ ሁለተኛ ሲሞክር እሺ አለ። ቀድሞኝ ገባ፤ እኔ ከኋላው ገብቼ እንደ ልማዴ መብራቱን አበራሁ።

ዞር አለ። ማንም ምንም ሳይለው አገጩን ቀና አድርጎ ፊቱን ወደ አምፖሉ ያዘ፤ ዓይኑን በለጠጠልኝ።

«አላልኩም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ እታለም» አለ፣ አገጩን ሳያወርድ። «በሩ ሲከፈት በራሱ ቀና ይላል።»

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ የት እንደነበረ አላውቅም። ማወቂያው ከፊቴ ተዘርግቶልኛል፤ አንዴ ቀና ማለት ብቻ ነው። እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድኩና መብራቱን አጠፋሁት።

ጨለመ። በርጩማው ቁርጭምጭሚቱን መታው መሰለኝ፤ ተሳደበ።

«መብራቱ ምን ሆነ?»

«ተቃጠለ» አልኩት።

«ነገ እቀይረዋለሁ» አለ።

«አትቸኩል» አልኩት፤ እየዳበስን ገባን።